ፀረ-ድሮን መከላከያ

ፀረ-ድሮን መከላከያ በጠላትነት የሚመጣን ሰው አልባ አውሮፕላን (ድሮን) ቀድሞ ለማየት፣ የማን እንደሆነ ለመለየት፣ ከዚያም ለማገድ ወይም ለመምታት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች፣ አሠራሮችና ሕጎች የጋራ መጠሪያ ነው። የአየር መከላከያ አንድ ዘርፍ ነው። ሆኖም የቆየው የአየር መቃወሚያ የተሠራው ከፍ ብሎ በፍጥነት ለሚበር ትልቅ አውሮፕላን ሲሆን፣ ድሮን ግን ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ፣ በዝግታና በትንሽ አካል ይመጣል። በዘርፉ አብዛኛው ድካም የሚጠፋውም ድሮኑን በመምታቱ ላይ ሳይሆን በማየቱና በመለየቱ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው እንደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያሉ ተቋማትን ከአየር ጥቃት መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ ውስጥ በተካሄዱ ጦርነቶች ድሮን ጥቅም ላይ በመዋሉ፣ ከታች የሚኖረው ሰላማዊ ሕዝብ የገጠመው አደጋ ነው። በአማራ ክልል የሚገኘው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ሁለቱም የሚነኩት አካባቢ ነው። ከዞኑ ዋና ከተማ ከእንጅባራ ተነስቶ በቻግኒ በኩል የሚሄደው መንገድ ወደ ጉባና ወደ ግድቡ ያደርሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ደግሞ ከቡሬ በኋላ እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል።

የድሮን ዓይነቶች

መከላከያው እንደ ድሮኑ ዓይነት ስለሚለያይ በጥቅሉ ሦስቱን መለየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው በገበያ የሚሸጠው፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ተሽከርካሪ ክንፎች ያሉት ትንሽ ድሮን ነው። ለሠርግና ለበዓል ቀረጻ የሚውለው ይኸው ነው፤ ቦምብ ሲታሰርበት የጦር መሣሪያ ይሆናል። ሁለተኛው እንደ ኢራኑ ሻሄድ-136 ዒላማው ላይ ወድቆ የሚፈነዳና የማይመለስ ድሮን ነው። ሦስተኛው እንደ ቱርክ ሠራሹ ባይራክታር ቲቢ2 ለረጅም ሰዓት በከፍታ እየዞረ የሚቃኝና ሚሳኤል የሚተኩስ ነው። የቲቢ2 የክንፍ ስፋት 12 ሜትር ሲሆን ከ7,600 ሜትር በላይ መውጣትና ከ20 ሰዓት በላይ በአየር ላይ መቆየት ይችላል። ይህን ለመምታት የሚያገለግል መሣሪያ የመጀመሪያውን ዓይነት ለመምታት እጅግ ውድ ነው፤ ለመጀመሪያው የሚሆነው ደግሞ ለሦስተኛው አይደርስም።

ማየትና መለየት

ራዳር አንድን ነገር የሚያየው ከዚያ ነገር ነጥሮ በሚመለስ የሬዲዮ ሞገድ ነው። አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ለራዳር የሚያሳየው ስፋት 5 ካሬ ሜትር ቢሆንና የአንድ ትንሽ ድሮን 0.01 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ 500 እጥፍ ነው። ራዳሩ የሚያይበት ርቀት የሚቀንሰው በዚህ ቁጥር አራተኛ ሥር (4.7 ያህል) ስለሆነ፣ አውሮፕላኑን ከ100 ኪሎ ሜትር የሚያይ ራዳር ድሮኑን የሚያየው ከ21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህም በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ዝቅ ብሎ የሚበር ነገር ከዛፍ፣ ከቤትና ከኮረብታ በሚነጥረው ሞገድ ውስጥ ይደበቃል።

አሞራና ጭላት ለራዳር የሚያሳዩት ስፋት ከትንሽ ድሮን ጋር ተቀራራቢ ነው። ብዙ የቆዩ ራዳሮች ዘገምተኛና ትናንሽ ነገሮችን ሆን ብለው ከማሳያው ላይ ያስወግዱ ነበር፤ አለዚያ ተቆጣጣሪው ወፍ ሲቆጥር ይውላል። ዛሬ ይህን ማጣሪያ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ሲነሳም ወፎቹ ይመለሳሉ። መፍትሔ ሆኖ የመጣው የድሮኑ ተሽከርካሪ ክንፎች በተመላሹ ሞገድ ላይ የሚፈጥሩትን ጥቃቅን የድግግሞሽ ለውጥ በኮምፒውተር ማንበብ ነው። የሚርገበገብ የወፍ ክንፍና የሚሽከረከር የድሮን ክንፍ የሚተዉት ምልክት የተለያየ ነው።

ከራዳር ጎን ለጎን ሌሎች መንገዶችም ይሠራሉ። በድሮኑና በአብራሪው መካከል የሚመላለሰውን የሬዲዮ ግንኙነት የሚያዳምጥ መሣሪያ ድሮኑን ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ አብራሪው ያለበትንም ቦታ ያሳያል። የቀንና የሙቀት ካሜራ በራዳር የተጠቆመውን ነገር አቅርቦ ያረጋግጣል። ድምፅ የሚለይ ማይክሮፎን ርካሽ ነው፤ በዩክሬን በሺዎች የሚቆጠሩ የድምፅ መቀበያዎች በመረብ ተያይዘው የሻሄድ ሞተሮችን መንገድ ለመከተል ውለዋል። አንዱ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። ከሁሉም የሚመጣውን መረጃ አገናኝቶ በአንድ ካርታ ላይ የሚያሳየው ሶፍትዌር ነው፤ የሥራው ከባዱ ክፍልም ይኸው ማገናኘት ነው።

ድሮኑ ከታየ በኋላ የማን እንደሆነ ማወቅ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2024 በዮርዳኖስ በሚገኘው ታወር 22 የተባለ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ላይ ድሮን ወድቆ 3 ወታደሮች ሞተዋል። በመጀመሪያ የወጡ ዘገባዎች እንደገለጹት፣ በዚያው ሰዓት የሰፈሩ የራሱ ድሮን ከተልእኮ እየተመለሰ ስለነበር የመጣው ድሮን የማን እንደሆነ ግራ አጋብቶ ነበር። በቂ መሣሪያ ባለበት ሰፈር እንዲህ ከሆነ፣ ራዳር በሌለበት ከተማ ነዋሪው በድምፅ ብቻ ሊለይ የሚችለው ነገር የለም።

ለውሳኔ የሚቀረው ጊዜም አጭር ነው። በሰከንድ 50 ሜትር (በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር) የሚበር ድሮን በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት ቢታይ እስኪደርስ ያለው ጊዜ 1 ደቂቃ ነው።

የመሬት አቀማመጥና ከፍታ

ራዳር በቀጥታ መስመር ስለሚያይ የመሬቱ ቅርጽ ወሳኝ ነው። ፍጹም ሜዳ በሆነ ቦታ 10 ሜትር ምሰሶ ላይ የቆመ ራዳር በ100 ሜትር ከፍታ የሚበርን ነገር እስከ 54 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊያይ ይችላል። ድሮኑ ወደ 25 ሜትር ሲወርድ ርቀቱ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። የጎጃም ደጋ ግን ሜዳ አይደለም። በእንጅባራ ዙሪያ መሬቱ በጥንት እሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ኮረብታዎች የበዙበት ነው፤ የዘንገና ሐይቅም በእንዲህ ዓይነት ጎድጓዳ አፍ ውስጥ የተኛ ነው። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ከደጋ ወደ ቆላ በአጭር ርቀት ብዙ ከፍታ ያጣል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ አንድ ትልቅ ራዳር ከሚሠራው ይልቅ በየኮረብታው የተተከሉ ብዙ ትናንሽ መመልከቻዎች የተሻለ ይሠራሉ። ይህም በተራው ሰው፣ መብራትና የግንኙነት መስመር ይጠይቃል።

ከፍታው በድሮኑም ላይ ይከብዳል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ተሽከርካሪ ክንፍ ያለው ድሮን ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፉን በ13 በመቶ ያህል አፍጥኖ ማዞር አለበት። ባትሪውም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ይህ ጉዳይ ጥቃት ፈጻሚውን ድሮንም፣ እሱን ለመጥለፍ የሚላከውንም እኩል ይነካል። የአምራቾች የበረራ ሰዓት በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ስለሆነ በደጋ ላይ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

ማገድና መምታት

ድሮንን ያለ ተኩስ ማገድ የሚቻለው በዋናነት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ማፈን የሚባለው በድሮኑና በአብራሪው መካከል ያለውን ግንኙነት፣ ወይም ድሮኑ ከሳተላይት የሚቀበለውን የአቅጣጫ ምልክት፣ በጠንካራ ሞገድ መሸፈን ነው። ማሳሳት ደግሞ የሐሰት የሳተላይት ምልክት ልኮ ድሮኑ ያለበትን ቦታ በስህተት እንዲያሰላ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በሶርያ በሚገኙት የሩሲያ የጦር ሰፈሮች ላይ 13 ድሮኖች በአንድ ሌሊት በተላኩ ጊዜ፣ የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር 7ቱን በፓንሲር-ኤስ መምታቱን፣ 6ቱን ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መቆጣጠሩን ገልጿል።

ማፈን የራሱ ጣጣ አለው። ሞገዱ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ በአካባቢው ያለውን የስልክ፣ የሬዲዮና የአውሮፕላን አቅጣጫ መሣሪያም ሊያውክ ይችላል። ከዚህም በላይ በዩክሬን ጦርነት ሁለቱም ወገኖች ከአብራሪው ጋር በቀጭን የመስታወት ክር (ፋይበር ኦፕቲክ) የተያያዙ ድሮኖችን ማሰለፍ ጀምረዋል። ክሩን ከኋላው እየፈታ ለሚበር ድሮን የሚታፈን ሬዲዮ የለውም። በካሜራ አይቶ በራሱ የሚወስን ድሮንም እንዲሁ።

በተኩስ ከሚመቱት መንገዶች ጥንታዊው መትረየስና ፈጣን መድፍ ነው። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቀው ሶቪየት ሠራሹ ዙ-23 ዛሬም በብዙ አገሮች በፒካፕ ላይ ተጭኖ ድሮን ለመምታት ይውላል። በቅርብ ርቀት የሚፈነዱ ጥይቶች፣ አነስተኛ ሚሳኤሎች፣ መረብ የሚወረውሩ መሣሪያዎችና ሌላውን ድሮን ገጭቶ የሚጥል ጠላፊ ድሮንም አሉ። ሌዘር ብዙ ተስፋ የተጣለበት ነው፤ የብሪታንያው ድራጎንፋየር እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ይፋ በሆነ ሙከራ የአየር ላይ ዒላማዎችን መትቷል፣ የአንዱ ተኩስ ወጪም ወደ 10 ፓውንድ እንደሆነ ተነግሯል። ይሁንና ጨረሩን ጭጋግ፣ ዝናብና አቧራ ይበትኑታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጉም በሚለብሰው የአዊ ደጋ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠራባቸው ሰዓታት ጥቂት ይሆናሉ።

የዋጋ ጥያቄ

የአንድ ሻሄድ-136 ዋጋ ከ20,000 እስከ 50,000 የአሜሪካ ዶላር ይገመታል። አንድ የፓትሪዮት ሚሳኤል ደግሞ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ተከላካዩ እያንዳንዱን ድሮን ቢመታ እንኳ በሂሳቡ ይሸነፋል። በተጨማሪም ሚሳኤሎቹን ለመተካት ወራት ይወስዳል፤ ድሮኑ ግን በየቀኑ ይሠራል። ድሮን እየመታ የሚሳኤል መጋዘኑን ያራገፈ ጦር ተዋጊ አውሮፕላን ሲመጣበት ባዶ እጁን ይቆማል።

ይህ ሂሳብ ሀብታሞቹን አገሮች ሳይቀር ወደ ርካሽ መሣሪያ እየመለሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2019 በሳዑዲ ዓረቢያ አብቃይቅ በሚገኘው የነዳጅ ማጣሪያ ላይ በድሮንና በክሩዝ ሚሳኤል የተፈጸመው ጥቃት የአገሪቱን የነዳጅ ምርት ለጊዜው በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ አገሪቱ ግን ፓትሪዮት ነበራት። የዩናይትድ ስቴትስ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2024 ሬፕሊኬተር የተባለውን ፕሮግራሙን ሁለተኛ ምዕራፍ ትናንሽ ድሮኖችን ለመከላከል እንዲውል ወስኗል። ዩክሬን ደግሞ እያንዳንዳቸው በጥቂት ሺህ ዶላር የሚሠሩ ጠላፊ ድሮኖችን በብዛት ወደ ማምረት ገብታለች። አዲስ መሣሪያ በቤተ ሙከራ ለዓመታት ከመቆየት ይልቅ በወራት ወደ ግንባር መድረስ አለበት የሚለው አስተሳሰብ የመጣውም ከዚያው ጦርነት ነው፤ ምክንያቱም በሚያዝያ የሠራ ማፈኛ በሐምሌ ላይሠራ ይችላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከአየር የሚመጣ ጥቃትን ከመሬት ሆኖ የመመከት ታሪክ ከሁለተኛው የጣሊያን ወረራ ይጀምራል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በኦርሊኮን የአየር መቃወሚያ መሣሪያ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ተሰራጭቷል። በወቅቱ በመላ አገሪቱ የነበረው የአየር መቃወሚያ በጣት የሚቆጠር ነበር። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ኤስ-75 እና ኤስ-125 ሚሳኤሎች፣ እንዲሁም ዙ-23 እና ሺልካ መድፎች የአየር መቃወሚያውን መሠረት ጣሉ። እነዚህ ሁሉ የታሰቡት አብራሪ ለተቀመጠበት አውሮፕላን ነው።

የሕዳሴ ግድብ ግንባታ የአየር ጥበቃን ጉዳይ ከፍ አድርጎታል። በግብፅና በኢትዮጵያ መካከል የነበረው ውዝግብ በተካረረበት በመስከረም 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለደኅንነት ሲባል በግድቡ አካባቢ ማንኛውም በረራ መከልከሉን አስታውቋል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የበረራ ክልከላ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የመለየቱን ችግር ግማሽ ያቃልላል። ማንም እንዲበር ካልተፈቀደ በሰማዩ ላይ የታየው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው።

ለትናንሽ ድሮኖችም ተመሳሳይ መንገድ ተወስዷል። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢመደአ) ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ በጉምሩክ ይያዛል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ከአየር ለመቅረጽ የሚፈልግ ባለሙያም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ጥብቅነቱ በፎቶግራፍ አንሺዎች፣ በቅየሳ ባለሙያዎችና በግብርና ተመራማሪዎች ላይ ሸክም መሆኑ አይካድም። ካርታ ለማንሳትና የሰብል በሽታ ለመከታተል ድሮን ከሚሰጠው ጥቅም አንጻር ክርክሩ ገና ያላለቀ ነው።

ኢትዮጵያ ራሷ ድሮን ታጣቂ አገር ሆናለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከቱርክ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት የተፈረመ ሲሆን፣ በትግራይ ጦርነት የቱርክ፣ የኢራንና የቻይና ሥሪት ድሮኖች ጥቅም ላይ መዋላቸው በሳተላይት ምስልና በመሣሪያ ስብርባሪ ተረጋግጧል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ስካይ ዊን ኤሮኖቲክስ ኢንዱስትሪስ የተባለ የድሮን ማምረቻ ተመርቋል። ድሮን የሚያመርት አገር የራሱን ምርት ከጠላት ለይቶ የሚያውቅ መከላከያም መሥራት ይኖርበታል። በጎረቤት ሱዳን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ከጦር ግንባሩ ርቃ የቆየችው ፖርት ሱዳን ለተከታታይ ቀናት በድሮን መደብደቧ፣ ከግንባር መራቅ ብቻውን መከላከያ እንዳልሆነ በቀጣናው ያሳየ ክስተት ነው።

ሰላማዊ ሰዎች ከድሮን በታች

እስካሁን የተገለጸው ሁሉ መሣሪያ ላለው አካል ነው። መንደር፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤትና መናኸሪያ ራዳርም ማፈኛም የላቸውም፤ ሊኖራቸውም አይችልም። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በገና ዕለት በትግራይ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በተፈጸመ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ከቀናት በኋላ፣ ነሐሴ 7 ቀን የድሮን እንደሆነ በተዘገበ የአየር ጥቃት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። ፍኖተ ሰላም እንጅባራና ዳንግላ በሚገኙበት በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤትም በኅዳር 2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በክልሉ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ በደረሰ የድሮን ጥቃት 3 መምህራንን ጨምሮ 7 ሰዎች፣ ዋበር በምትባል ከተማ መናኸሪያ ደግሞ 13 ሰዎች መገደላቸው እንደተነገረው አስታውቋል።

ለእነዚህ ሰዎች ያለው መከላከያ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የጄኔቫ ስምምነቶች አባል ስትሆን፣ ዓለም አቀፍ ያልሆኑ ግጭቶችን የሚመለከተውን ሁለተኛውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች። ፕሮቶኮሉ ሰላማዊ ሰዎችን ዒላማ ማድረግን ይከለክላል። በተዋጊና በሰላማዊ ሰው መካከል የመለየት ግዴታ፣ ጉዳቱን የማመዛዘንና ቅድመ ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ ድሮን ለሚያበርም ለሚመታም ወገን እኩል ይሠራል። የአየር መቃወሚያን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መትከል፣ ወይም የተመታ ድሮን የት እንደሚወድቅ ሳያስቡ በከተማ ላይ መተኮስም በዚሁ ሥር ይታያል፤ ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳልና። በአየር ላይ ለሰዓታት የሚዞርና ካሜራ ያለው ድሮን የሚያበር ወገን ደግሞ ከፈጣን ጀት አብራሪ ይልቅ ለማየትና ለማረጋገጥ ጊዜ አለው። ስለዚህም የቅድመ ጥንቃቄ ግዴታው ለእሱ የበለጠ ይጠብቃል የሚል ክርክር በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ይቀርባል።

የመጠለያና የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሌላው የሲቪል መከላከያ አካል ነው። ዩክሬንና እስራኤል በስልክ መተግበሪያና በሳይረን ሕዝቡን ያስጠነቅቃሉ። ይህ የሚሠራው ራዳሩ፣ የስልክ መረቡና መጠለያው ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሲኖሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በግጭቱ ወቅት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረ ሲሆን፣ በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ማስጠንቀቂያን በመተግበሪያ ማድረስ አይቻልም።